ነጩን ቤት ቤተ መንግሥት ያደረገው ማነው?

ሰሞኑን «የውጭ ሚዲያ አሜሪካን ለምን ይጠላል?» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከስሩ «ይሄን አንብብና ዝም በል» ብሎ ጽፎበታል። አነበብኩት፣ ዝም ግን አላልኩም።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ብዕሩ ጥሩ ነው፣ ንዴቱም የውሸት አይደለም። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የእንግሊዞቹ ቢቢሲና ጋርዲያን፣ የጀርመኑ መጽሔት ደር ሽፒግል ምናምን ተነጋግረው ያደሩ ይመስል ባንድ ድምፅ ትራምፕን ይሰድባሉ፣ ሲዋሹም እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል፣ ዴሞክራት ሲሆን ግን ያጨበጭባሉ፣ በምርጫም እጃቸውን ያስገባሉ፣ የአሜሪካ ጉዳይ ደግሞ የአሜሪካኖች ስለሆነ አያገባቸውም፣ የኛዎቹ የአማርኛ ሚዲያዎችም የነሱ ግልባጭ ናቸው፣ ስለዚህ ስለ አሜሪካ ማወቅ የፈለገ ሰው ፕሬዚዳንቱ ራሱ የሚጽፈውን ያንብብ፣ በቃ።

ከመግባቴ በፊት፣ እኔ ለማን እንደመረጥኩ ለባለቤቴም አልነገርኳትም እዚህም አልናገርም። ትራምፕን ለመከላከልም ለመስደብም አይደለም የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከጸሐፊው ጋ ግማሹን መንገድ አብሬው እሄዳለሁ፣ እውነትም የውጭ ሚዲያ አሜሪካን አበላሽቶ ነው ሚያሳየን፣ ግን ምክንያቱ ጥላቻ ነው ሲል እዛ ላይ እንለያያለን። ጥላቻ ቢሆንማ ቀላል ነበር፣ የሚጠላህን ሰው አውቀህ ትሰማዋለህ። እኔ ማየው ችግር ሲወዱም ሲጠሉም ያለ ነው፣ 50 ስቴት ያለውን አገር በሙሉ አንድ ሰውዬ አርገው ነው የሚያዩት። ንጉሥ ፍለጋ ነው የሚመጡት፣ አገኘን ብለው ካሰቡ በኋላ ደግ ንጉሥ ነው ክፉ ንጉሥ ነው እያሉ ይከራከራሉ።

«ባንድ ድምፅ» ከሚለው ልጀምር። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የደር ሽፒግልን የፌብሩዋሪ 2017 ሽፋን ነው፣ ትራምፕ ባንድ እጁ የነጻነት ሐውልቷን የተቆረጠ ጭንቅላት በሌላኛው ደም የነካው ቢላ ይዞ የቆመበት፣ ያየው ሰው አይረሳውም። «ጀርመኖች ለአሜሪካ ያላቸው ጥላቻ ይኸው» ይላል። እሺ፣ ስዕሉ ይዘገንናል፣ እኔንም ዘግንኖኛል። ግን ሰዓሊው ጀርመን አይደለም። ኤድል ሮድሪገዝ ይባላል፣ ኩባ ተወልዶ በ1980 በማሪየል የጀልባ ስደት ጊዜ ገና ልጅ ሆኖ አሜሪካ የገባ አሜሪካዊ ነው። ጀርመኖቹ ያተሙት አንድ ስደተኛ አሜሪካዊ ስለገዛ አገሩ ፕሬዚዳንት የተሰማውን ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር ከሽፋኑም ያልፋል፣ የውጭ ሚዲያ ስለ አሜሪካ ከሚለው ብዙው አሜሪካኖች ስለራሳቸው ያሉት ነው፣ ሪፖርተሩ ኒውዮርክ ወይ ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ የአገሩን ጋዜጣ ያነባል፣ የአገሩን ቴሌቪዥን ያያል፣ ወደ ቋንቋው ገልብጦ ይልካል። ስድቡ ኤክስፖርት እንጂ ኢምፖርት አይደለም።

ደግሞ ዓለም ሁሉ አንድ ነው ካልን፣ ፒው የሚባለው የጥናት ተቋም በ2017 በ37 አገሮች ሰው ጠይቆ ነበር፣ በትራምፕ እምነት አለኝ ያለው በመካከለኛ አኃዝ 22 በመቶ ሲሆን ኦባማ በመጨረሻ ዘመኑ 64 ነበረው። ጸሐፊው ይሄን ቁጥር ቢያገኘው ኖሮ «ይኸው የሚዲያው ሥራ» ይል ነበር። ግን እዛው ጥናት ላይ እስራኤልና ሩሲያ ከኦባማ ይልቅ ትራምፕን አመኑ፣ ናይጄሪያና ኬንያም ከግማሽ በላይ ሰው አምነዋለሁ ብሏል። ናይጄሪያዊው ቢቢሲ አይሰማም እንዴ? በደንብ ነው ሚሰማው፣ ግን ሰው የሰማውን ሁሉ አይውጥም። ሩሲያ ላይ ደግሞ አርቲ፣ ቻይና ላይ ሲጂቲኤን አለ፣ ሁለቱም ዋሽንግተን ውስጥ የውጭ መንግሥት ወኪል ተብለው ተመዝግበው ነበር፣ እነሱ የሚያወሩት ከጋርዲያን ጋ ምን አገናኘው፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ጃንዋሪ 6፣ 2021 የኮንግረሱ ሕንፃ ካፒቶል በትራምፕ ደጋፊዎች የተወረረ ጊዜ የቻይናው ግሎባል ታይምስ ምን አደረገ፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበረችው ናንሲ ፔሎሲ በ2019 ስለ ሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች «ውብ ትዕይንት» ያለችውን አንስቶ ከካፒቶሉ ፎቶ ጋ ለጠፈው። ይሄ ትራምፕን መስደብ አይደለም፣ ለዓመታት ሲመከር የኖረ ሰው መካሪው ቤት እሳት ሲነሳ ያየ ጊዜ የሚለውን ነው ያለው። ነቆራና ጥላቻ አንድ ናቸው ካልን እኛ አበሾች እርስበርሳችን ስንጠላላ ነው የኖርነው ማለት ነው።

«ሲዋሹ ተይዘዋል» ያለው ላይ ምንም አልከራከርም። እንዲያውም እሱ በሁለት መስመር ያለፈውን እኔ ልዘርዝርለት፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ ነው ትምህርት ያለው።

ሚኒሶታ ውስጥ ፈርገስ ፎልስ የምትባል አነስ ያለች ከተማ አለች። ከ2016 ምርጫ በኋላ ደር ሽፒግል «የትራምፕ መራጭ ምን አይነት ሰው ነው» የሚለውን እዛው ኖሮ እንዲያጠና ክላስ ሬሎቲየስ የሚባል ኮከብ ሪፖርተሩን ላከ፣ ሰውዬው ሳምንታት እዛ ተቀመጠ፣ ጽሑፉም በ2017 ወጣ። ከተማው መግቢያ ላይ ሜክሲኮዎች እንዳይገቡ የሚል ምልክት ተተክሏል አለ፣ እንዲህ ሚባል ምልክት የለም። ሲኒማ ቤቱ አንድ የቆየ የጦርነት ፊልም አሁንም እያሳየ ነው አለ፣ ፊልሙ ከወረደ ቆይቷል። የከተማው አስተዳዳሪ ሽጉጥ ታጥቆ ነው ቢሮ ሚገባው፣ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፣ ሴት ቀርቦም አያውቅም አለ። የከተማው ሰዎች ምን አወጡ መሰላችሁ፣ አስተዳዳሪው ከፍቅረኛው ጋ ባሕር ዳር የተነሳውን ፎቶ! ሁለት ነዋሪዎች ጽሑፉን በአውቶማቲክ ትርጉም አንብበው አንድ በአንድ ሲያጣሩ ከርመው ነበርና ዲሴምበር 2018 ላይ ነገሩ ሲፈነዳ የነሱም መልስ ወጣ። የምላሽ ጽሑፍ ማለት እንደሱ ነው፣ እኔ ይሄን ስጽፍ እነሱን እያሰብኩ ነው።

አሁን ጥያቄው እንዴት አለፈ ነው። ደር ሽፒግል እኮ የተጻፈውን አንድ በአንድ የሚያጣሩ ሠራተኞች ሞልተውታል፣ የመጽሔቱ መፈክር ራሱ «ያለውን መናገር» ነው፣ መሥራቹ ያሉት። ያለፈው ሐምቡርግ ያለው አለቃ ከሚጠብቀው ጋ ስለገጠመ ነው። ሽጉጥ አለ፣ ጥላቻ ያለበት ምልክት አለ፣ ባሕር ያላየ ገጠሬ አለ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል። እኛ ይሄን ነገር ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፍ የፈረንጅ ሪፖርት ስንቱ ነው በአቧራና ባዶ እግሩን ባለ ልጅ የሚጀምረው። ልጁ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሪፖርተሩ ከአውሮፕላን ሳይወርድ ነው ያገኘው። የፈርገስ ፎልስ ሰው የደረሰበት ያ ነው፣ በኛ ሲደርስ የኖረው እነሱ ላይ ደረሰ። ይሄ ጥላቻ ከሆነ ሲኤንኤን በ2014 ያንኑ ሬሎቲየስን ለምን ሸለመው? አሜሪካኖቹም ወደውታል እኮ፣ ተረቱ ጣፋጭ ነበር።

ቢቢሲ የሠራው ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ፈጠራ ሳይሆን መቀስ ነው። ከ2024 ምርጫ አንድ ሳምንት ሲቀር በፓኖራማ ፕሮግራም ባሳዩት ፊልም ላይ ትራምፕ ጃንዋሪ 6 ያደረገውን ንግግር ቆርጠው ቀጠሉት፣ ወደ ካፒቶል እንሄዳለን ያለበትንና እንዋጋለን ያለበትን ባንድ ትንፋሽ የተናገረው አስመሰሉት፣ በሁለቱ መሀል ግን ከ50 ደቂቃ በላይ አለ፣ በሰላም ድምፃችሁን አሰሙ ያለበት ደግሞ ወጣ። ይሄ በኖቬምበር 2025 ሲጋለጥ ዋና ዳይሬክተሩ ቲም ዴቪና የዜና ክፍሏ ኃላፊ ዴቦራ ተርነስ ባንድ ቀን ሥራቸውን ለቀቁ፣ ትራምፕም ከሰሳቸው። እዚህ ጋ ጸሐፊው ደስ ብሎት ነው የጻፈው፣ መብቱ ነው። ግን አንድ ነገር ዘለለ፣ ማን ነው ያጋለጣቸው? የቢቢሲ የራሱ የቀድሞ አማካሪ የጻፈው ማስታወሻ ነው፣ ያተመውም ደይሊ ቴሌግራፍ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጣ ነው። ሬሎቲየስንም የያዘው ሁዋን ሞሬኖ የሚባል የዛው የሽፒግል ባልደረባው ነው፣ አለቆቹ አላምን ሲሉት ብቻውን አሜሪካ ድረስ ሄዶ አጣርቶ። ባንድ ድምፅ የሚያወሩ ሰዎች እንዲህ አይበላሉም።

ዴሞክራት ሲሆን ያጨበጭባሉ ላለው፣ አዎ አጨብጭበዋል። ጁላይ 2008 ኦባማ ገና እጩ እያለ በርሊን ላይ 200 ሺህ ሰው ወጣለት፣ ሲመረጥ ኬንያ የሥራ መዝጊያ በዓል አወጀች፣ ወንበሩ ሳይሞቅ በዘጠነኛው ወሩ ኖቤል ተሰጠው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ታክሲ ላይ ሁሉ ፎቶው ተለጥፎ ነበር። ግን ስለ ጓንታናሞ አስታውሱ። ጃንዋሪ 22፣ 2009 እስር ቤቱ ባንድ ዓመት እንዲዘጋ ፈረመ፣ ዓለም በሙሉ «ኦባማ ጓንታናሞን ዘጋ» ብሎ ጻፈ። ኮንግረስ እስረኛ ማጓጓዣ ገንዘብ ከለከለ፣ ኦባማ ስምንት ዓመቱን ጨርሶ ወጣ፣ እስር ቤቱ እዛው አለ። ያኔ ያነበብነው ሁላችን ሰውዬው ዋሸን አልን። አልዋሸም፣ የፈረመው ወረቀት ብቻውን እንደማይሠራ የነገረን ስላልነበረ ነው፣ ንጉሥ ከፈረመ አለቀ ብለን ነው ያነበብነው። ይሄ ስህተት የመጣው ከፍቅር ነው፣ ከጥላቻ አይደለም፣ ግን ያው ስህተት ነው። ፍቅሩም ቢሆን ዕድሜ አልነበረውም፣ አሜሪካ የአንጌላ መርክልን ስልክ ጠልፋለች ብሎ በኦክቶበር 2013 ያፈነዳው ማን ሆነና፣ ያው ደር ሽፒግል አይደል እንዴ፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ያ የተጨበጨበለት ሰውዬ።

አሁን በጣም የምወደው ነጥቡ ላይ ደረስኩ፣ በምርጫ እጃቸውን ያስገባሉ የሚለው። ጋርዲያን በ2004 ያደረገውን ጠቅሷል፣ ጥሩ አድርጎ ነው የጠቀሰው፣ ግን ታሪኩን ከመሀል አቋረጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋርዲያን «እኛ እንግሊዞች የአሜሪካ ምርጫ ላይ ድምፅ የለንም፣ ደብዳቤ ግን መጻፍ እንችላለን» ብሎ ኦሃዮ ስቴት ውስጥ ክላርክ ካውንቲ የሚባለውን አውራጃ መረጠ፣ የመራጮቹን አድራሻ ለሚፈልግ አንባቢ ማደል ጀመረ፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰው አድራሻ ወሰደ፣ ጆን ለካሬና ሪቻርድ ዶኪንስን የመሰሉ ታዋቂ ሰዎች ራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ፣ ቡሽን አትምረጡ ነው ነገሩ። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች። የክላርክ ሰው ምን አለ? እስቲ አስቡት፣ ጠዋት ከፖስታ ሳጥንህ ደብዳቤ ታወጣለህ፣ ለንደን ያለ የማታውቀው ሰው ማንን እንደምትመርጥ ይመክርሃል። ከአሜሪካ የተመለሰው መልስ ስድብ ነበር፣ የእንግሊዞች ጥርስ ሳይቀር ነው የተሰደበው፣ ጋርዲያንም ነገሩን ቶሎ አቆመው። በ2000 ክላርክን ያሸነፈው አል ጎር ነበር፣ በ324 ድምፅ። በ2004 ቡሽ ወሰደው፣ ከጎር ካውንቲዎች መሀል ኦሃዮ ውስጥ ወደ ቡሽ የዞረው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዎ እጃቸውን ለማስገባት ሞክረዋል፣ እጃቸው ተቃጠለ። ግን ታሪኩ እዚህ አላለቀም። የክላርክ ካውንቲ ዋና ከተማ ማን ትባላለች? ስፕሪንግፊልድ። አስታወሳችኋት? ሴፕቴምበር 10፣ 2024 ትራምፕ ከካማላ ሃሪስ ጋ ሲከራከር ስለ ሄይቲ ስደተኞች «ውሻ እየበሉ ነው» ያለባት ከተማ እሷ ናት። ከ20 ዓመት በኋላ ያቺው ካውንቲ እንደገና የዓለም ዜና ሆነች፣ ካሜራው ከየአገሩ ጎረፈ። ዜናው ግን ያው ስለ አንድ ሰውዬ ነበር፣ እንዲህ አለ፣ ሳቁበት፣ ዘፈን ተሠራበት። ከተማው ውስጥ ምን እንደነበረ ያየው ጥቂት ነው። ፋብሪካና መጋዘኑ ሠራተኛ ፈልጎ የሄይቲ ሰዎች ሥራ ፍለጋ መጡ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ሲገባ ቤት ኪራይ ናረ፣ ክሊኒኩ ተጨናነቀ፣ በ2023 አንድ የሄይቲ ሰው የሚነዳው መኪና ከተማሪ አውቶብስ ጋ ተጋጭቶ የ11 ዓመት ልጅ ሞተ፣ የልጁ አባት በኋላ አደባባይ ወጥቶ የልጄን ስም ለጥላቻችሁ አትጠቀሙበት ብሎ ለመነ። ወሬው ውሸት ነው ብሎ የተከራከረው ደግሞ ማይክ ዲዋይን ነው፣ የኦሃዮ ገዥ፣ ሪፐብሊካን፣ እዛው ስፕሪንግፊልድ የተወለደ። ከ30 በላይ የቦምብ ማስፈራሪያ መጥቶ ሁሉም ውሸት ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ፖሊስ የሚያሰማራው እሱ ነበር። ይሄን ታሪክ ስንታችን በአማርኛ ሰማነው? የሰማነው ውሻና ድመት ነው። ጥላቻ ስላለ አይመስለኝም፣ ገዥ ምን እንደሆነ፣ ካውንቲ ምን እንደሆነ፣ ለምን ያን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ትራምፕ እንዲህ አለ ለማለት ግን አምስት ሰከንድ ይበቃል።

«አያገባቸውም» የሚለውን በአጭሩ። ዩኤስኤይድ በጁላይ 2025 ሲዘጋ ክሊኒኩ የተዘጋበት ሰው የሚኖረው አሜሪካ ውስጥ አይደለም፣ እንዴት አያገባውም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ አሜሪካም የራሷን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማው አይጎዳትም፣ እንዲያውም አሜሪካኖቹ ራሳቸው በየቀኑ ከሚያነቡት ዜና ስንቱ የሮይተርስና የኤኤፍፒ ነው፣ አንዱ ለንደን ሌላው ፓሪስ የተተከለ። አሊስተር ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ከ1946 እስከ 2004 በየሳምንቱ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ አሜሪካ ደብዳቤ ያነብ ነበር፣ ኖረበት አርጅቶበት፣ ስለዚህ ያውቀው ነበር። በኦገስት 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ጋዜጠኛ ቪዛ በ240 ቀን ይገደብ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ስምንት ወር ማለት ነው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ፣ ቤት ተከራይተህ፣ አንድ ክረምት አይተህ ሳትጨርስ። ጸሐፊው የሚጠላው አይነት ጋዜጠኛ እንዲበዛ ከፈለገ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

የኛዎቹ ግልባጭ ናቸው ያለው ላይ ግን ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍ አለ፣ እኔ አላልፍም፣ እኛ ግልባጭ ብቻ ብንሆን ይሻል ነበር። እኛ እንጨምርበታለን። እስቲ አንድ ቃል ብቻ እዩ። እንግሊዝኛው «ነጭ ቤት» ነው ሚለው፣ ቤት። እኛ በሬዲዮም በጋዜጣም ምንድነው የምንለው? ነጩ ቤተ መንግሥት። ማን አስገደደን? ማንም፣ ገዢ ያለበት ቤት ቤተ መንግሥት ካልሆነ ስለማይገባን ነው። ከዛ በኋላ የሚመጣው ዜና ሁሉ የቤተ መንግሥት ዜና ነው፣ ትራምፕ ከለከለ፣ ትራምፕ ፈቀደ፣ ትራምፕ አባረረ። ኮንግረስ የቀረበ ረቂቅ «ሕግ ወጣ» ይባላል፣ ዳኛ ያገደው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይነገርም።

ጃንዋሪ 20፣ 2025 ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ትራምፕ ከ30 ቀን በኋላ እዚህ አገር የሚወለድ ልጅ ከወላጆቹ አንዳቸውም ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያላቸው ካልሆኑ ዜግነት እንዳያገኝ የሚል ኤክስኪዩቲቭ ኦርደር፣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ማለት ነው፣ ፈረመ። ከኔ በታች ያለው አፓርትመንት ጥገኝነት ጠይቃ የምትጠብቅ ልጅ አለች፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ በሩን አንኳኩታ ገባች፣ ስልኳ ላይ «ሰበር፦ በአሜሪካ የሚወለዱ ሕፃናት ዜግነት ቀረ» የሚል የአማርኛ ቪዲዮ ተከፍቷል፣ ከጀርባው የጦርነት ሙዚቃ። «ጋሼ፣ ከ30 ቀን በፊት ቢያወልዱኝ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዶክተሯን ልትለምን ነው፣ ልጇ ቀኑ ሳይደርስ ተጎትቶ እንዲወጣ። ባለቤቴ ሻይ አፍልታ አስቀመጠቻት፣ እኔ እዚህ ለተወለደ ዜግነት ስለሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ሳስረዳት አምሽቼ አንድ ቃል አልገባላትም፣ አልፈርድባትም፣ ንጉሡ ፈርሟላ። በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያለ ጆን ኩገናወር የሚባል፣ ሬገን የሾመው አዛውንት ዳኛ፣ ይሄ በግልጽ ሕገ መንግሥት የሚጥስ ነው ብሎ አገደው። ያ ዜና በአማርኛ ሲመጣ ሙዚቃ አልነበረውም። ጉዳዩ ከዛ በኋላም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ቆየ፣ ልጁ ግን በቀኑ ተወለደ፣ የልደት ሰርተፊኬቱን እኔው ነኝ ነድቼ የወሰድኳት። አሁን ይሄን ቪዲዮ የሠራው ልጅ ትራምፕን ይጠላል ማለት ነው? በጭራሽ፣ ቻናሉ ላይ ብታዩ በማግስቱ ሲያሞግሰው ነው የዋለው።

በመጨረሻ ያለው፣ ሁሉንም ትታችሁ ፕሬዚዳንቱ ራሱ የሚጽፈውን አንብቡ የሚለው ምክር። ሌላው ሰው ይቀበለው፣ ኢትዮጵያዊ እንዴት ይቀበለዋል? ኦክቶበር 23፣ 2020 ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋ በስልክ ሲያወራ ካሜራ ፊት ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል አለ፣ አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ አምባሳደር ተጠርቶ ማብራሪያ እስኪጠየቅ ደረሰ። በ2025 ደግሞ ግድቡን የሠራችው በሞኝነቷ አሜሪካ ናት፣ ገንዘቡ የኛ ነው እያለ ደጋግሞ ተናገረ። የሚስቴ ወንድም አስተማሪ ነው፣ ደብረ ብርሃን። ከደሞዙ እየተቆረጠ ቦንድ ገዝቷል፣ ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ሳሎኑ ሰቅሎታል፣ ከሠርግ ፎቶው ጎን። የትራምፕን ንግግር ያነበብኩለት ቀን ወደ ግድግዳው ዞሮ አይቶ «ታዲያ ወለዱን ከአሜሪካ ልጠይቅ?» አለኝ። ከምንጩ መስማት ጥሩ ነው፣ ግን ምንጩ ሲሳሳት የሚያርምህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ እንግሊዝም ይሁን ጀርመን ይሁን።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ላሳየው ብችል የ2024ን የምርጫ ቀን ነበር የማሳየው። ኖቬምበር 5 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ የምርጫ ሠራተኛ ሆኜ ዋልኩ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብተን ጠረጴዛ ዘርግተን፣ ከሁለቱም ፓርቲ የተውጣጣን ነን፣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሪፐብሊካን ናቸው፣ ዶናት አምጥተውልኛል። ከውጭ፣ ከመስመሩ ወዲያ፣ አንድ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ቡድን ቆሟል። የሚወጣውን ሰው ሁሉ «ትራምፕ ወይስ ሃሪስ?» ይላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አየር ልወስድ ስወጣ የሆስፒታል ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት አስቁመዋል። ወረቀቱ ላይ ፕሬዚዳንት አለ፣ ሴናተር አለ፣ የኮንግረስ ተወካይ አለ፣ በግዳጅ ላይ ለሞተ ወታደር ባለቤት የቤት ግብር ምሕረትን የሚመለከት የስቴት ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ፣ ታች ደግሞ ካውንቲው ለሜትሮ ባቡር ይበደር ወይ የሚል አለ። ሴትዮዋ ስለ ባቡሩ ነው ማውራት የጀመረችው፣ ማታ ከሥራ ስትወጣ ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቅ፣ ሪፖርተሩ ፈገግ ብሎ አመሰገናትና ማይኩን ወደ ቀጣዩ ሰው አዞረው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እኛ ማታ 1 ሰዓት በሩን ዘግተን፣ ማሽኑ ከክንዴ የሚረዝም ወረቀት አትሞ፣ ሁላችን ፈርመንበት፣ ቤቴ ስገባ ሊነጋጋ ትንሽ የቀረው ነበር የመሰለኝ።

ጠዋት እንቅልፌን ሳልጨርስ ስልክ ጮኸ። አጎቴ ናቸው፣ ከደሴ፣ እዛ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ምሳ በልተው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

«እህ፣ ማን ነገሠ?»

«ጋሼ፣ የባቡሩ ብድር አልፏል» አልኳቸው።

«የምን ባቡር?» አሉኝ።